አያ ዘይኑ ጀርባቸውን ያሳዩዋት ሚኒባስ

የተጠየቀውን ዋጋ ከፍሎ የሚሄድ ሰው አለ፤ የተጠየቀውን ዋጋ ሰምቶ የሚስቅ ሰውም አለ። ይሄ ሁለተኛው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ቆርቆሮ ሊገዛ፣ ላም ሊሸጥ፣ ሰርግ ሊደገስ ሲል ቤቱ ድረስ ተሂዶ ይለመናል፤ ጋቢውን ደርቦ ከፊት ይቀድማል። ነጋዴውም ከሩቅ ሲያየው የዕቃውን አቧራ ያራግፍና ዋጋውን በልቡ ከፍ ያደርጋል፣ የሚወርድበት ቦታ እንዲኖረው። እናንተም አንዱን ታውቁታላችሁ። የከሚሴው አያ ዘይኑ ይባላሉ።

ማዕረጋቸው ብዙ ነበር። ባለሱቆቹ "የዋጋ ቃዲ" ይሏቸዋል። የከብት ነጋዴዎች "ዘይኑ ምላጭ" ይላሉ፤ እሱን ግን በሌሉበት ነው። ሽንኩርት ሻጯ ፋጡሜ ደግሞ "ሱብሒ ሰግጄ አላህን የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ጤናና፣ አያ ዘይኑ ሌላ ሰፈር እንዲውሉልኝ" ትል ነበር። ሳይመጡ የቀሩ ቀን ግን እስከ ዙሁር ሰላት ድረስ አንገቷን እያሰገገች "አያ ዘይኑን ያየ አለ?" የምትለው እሷው ናት።

የተናገሩት ሁሉ ከተማ ውስጥ ይደገማል። ሻጩ ዋጋውን ሲጠራ ጆሯቸውን ቧጨር ያደርጉና "ይሄ ስሙ ነው፤ አሁን ዋጋውን ንገረኝ" ይላሉ። ሻጩ ቢቆጣ "የተቆጣህ እንደሆነ ልትቀንስ ነው" ይላሉ። ሻጩ ዝም ቢል "ዝም ያልክ እንደሆነ እያሰላህ ነው" ይላሉ። ሰውየው የሚሸሽበት አልነበረውም።

ደግሞም ሥርዓት ነበራቸው። አፋሩ ከቆላ ወጥቶ፣ ደገኛው ከዳገት ወርዶ በሚገናኙበት በሰንበቴ የከብት ገበያ፣ አያ ዘይኑ ዘለው ዋጋ ውስጥ አይገቡም። መጀመሪያ እንዴት አደርክ፣ ሁሉ ሰላም ነው ወይ የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ ነው፤ "አካም ቡልቴ? ቤቱ ነጋ? ከብቱ ነጋ? ሳሩስ እንዴት ነው?" ሰላምታው ሲያልቅ ነቀፋ ይቀጥላል። የበሬውን ከንፈር ገልብጠው ጥርሱን ያያሉ፣ ጅራቱን ሳብ ያደርጋሉ፣ በመጨረሻም ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ እጅ ጋቢ ስር ይገባል። ሻጭና ገዢ ተጨባብጠው፣ ተመልካች ሳያይ፣ በጣት እየተጫጫኑ ዋጋ ይነጋገራሉ። አፋቸው ስለ ዝናብ ያወራል፤ ጣታቸው ይጣላል።

ካልተስማሙ ጀርባ ማሳየት ይመጣል። "ጀርባህን ሳታሳየው የገዛኸው ሁሉ ውድ ነው" ይሉ ነበር። ገዢው ተሰናብቶ ይሄዳል፤ አካሄዱ ግን የእውነት ሂያጅ አይደለም። መጀመሪያ እስከ ግራሩ፣ ከዚያ እስከ ጨው ሻጮቹ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ። ይሄን ጊዜ ከኋላው "ኮቱ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ኮቱ ማለት ና ማለት ነው፤ እዚያ ገበያ ላይ ግን ከና ይበልጣል፤ ተመለስ፣ አልጨረስንም፣ ሰው ነን ማለት ነው። "በመጀመሪያው ኮቱ አትዙር" ይሉ ነበር አያ ዘይኑ። "በመጀመሪያው ጥሪ የዞረ ገዢ ውድ ይገዛል። ቁም። ሁለተኛውን ጠብቅ።"

ተስማምተው ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ደግሞ ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያዩ "ወደሃል?" ብለው ይጠይቁታል። "ሳይወድ የሸጠ ሰው ዕቃ በረካ የለውም።" ሰውየው እስኪስቅ አይለቁትም። ሻይ ይጋብዙታል። አንዳንዴም ሲከራከሩ ውለው ያስቀነሱትን መልሰው ኪሱ ውስጥ ይከቱለታል።

ዩሱፍ ይሄን ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ከከሚሴ ኮምቦልቻ የሰው ሚኒባስ የሚነዳ ሾፌር ነው። አባቱ ሲሞት ገና ጢም አላወጣም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለሱ የተገዛውን ሁሉ የተከራከሩለት የአባቱ ጓደኛ አያ ዘይኑ ናቸው። የመጀመሪያ ጫማውን። የቤቱን ቆርቆሮ። ዘሊካን ሲያገባ እንኳ አባቷ የጠሩትን ጥሎሽ ሰምተው ተነሱና እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ መንገዱ ሄዱ። "ኮቱ" ተባሉ። ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ከራሳቸው በረት አንዲት ጊደር አውጥተው ለሙሽሪት ሰጧት፤ ካስቀነሱት የምትበልጥ ጊደር።

"ታዲያ አያ ዘይኑ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ተከራከሩ?" አላቸው ዩሱፍ።

"ዝም ብዬ ብከፍል ገዝቼ የሄድኩ ይመስለው ነበር። ተከራከርኩት፤ ዘመድ ሆንን።"

ሚሌኒየሙ ካለፈ በሦስተኛው ክረምት ነው ነገሩ። ባለንብረቱ ዩሱፍን ጠርቶ ሚኒባሷን ከኢድ በኋላ ሊሸጣት እንደሆነ ነገረው። ከሰው መሪ ላይ መውረዱ ነው። ግን እሱና ዘሊካ ለዓመታት ያጠራቀሙት ነበራቸው፤ እቁብም ደርሷቸው ነበር። የዘሊካ ወርቅ ሲጨመርበት ለአንዲት አዲስ፣ ዜሮ ዜሮ ለሚሏት ሚኒባስ ልክ ልኩን ሞላ። ጉድለት የለውም፣ ትራፊም የለውም።

"አያ ዘይኑን ይዘህ ሂድ" አለችው ዘሊካ። "ትንሽ ካስቀነሱልህ ወርቄን አልሸጠውም። የእናቴ ነው።"

ተከራካሪ ይዞ የሄደ ሰው አፉን ይሰጣል፤ የአገሩ ደንብ ነው። በመሃል የተናገረ እንደሆነ ገበያውን ያበላሻል፤ ሽማግሌውንም ያዋርዳል። ዩሱፍ አፉን ሰጥቶ፣ ገንዘቡንና የዘሊካን ወርቅ በሆዱ ታጥቆ፣ ሁለቱም ረመዳንን እየጾሙ አዲስ አበባ ገቡ።

የመኪና መሸጫው አዳራሽ ወለል ፊት ያሳያል። አያ ዘይኑ በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ዩሱፍ ክንዳቸውን ያዝ አደረጋቸው። ሚኒባሷ መሃል ላይ ቆማለች፤ ነጭ፣ ወንበሮቿ ገና ከነላስቲካቸው። ዩሱፍ በሩን ከፍቶ መሪዋን ነካ። የሰው መኪና ላብ ላብ ይላል። ይቺ ምንም አትልም ነበር፤ የማንም አይደለችማ።

ሳሚያ የምትባል ልጅ በፈገግታ ተቀበለቻቸው። አያ ዘይኑ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቋት። ሁሉም ደህና ነበር።

"ይቺ ስንት ናት የኔ ልጅ?"

"ዋጋዋ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል አባባ።"

"እሱ ስሟ ነው። ዋጋዋን ንገሪኝ።"

"ዋጋዋ እኮ ነው አባባ።"

አያ ዘይኑ ደስ አላቸው። ጎበዝ ሻጭ ይወዳሉ። ኮፈኗን አስከፍተው ጥርስ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ ብለው አዩ። ጎማዋን በምርኩዛቸው መታ መታ አደረጉ። "ቀጭን ነው፤ የኛ አገር የጨፋ ጭቃ ላይ ይቀመጣል" አሉ። ከዚያ የወንበሩን ላስቲክ ዳሰሱ።

"ለምንድነው የተሸፈነችው? ምን ደብቃችሁ ነው?"

"አዲስ ስለሆነች ነው አባባ።"

"ሁሉም ሻጭ እንደዚያ ይላል።"

አሁን የጋቢው ተራ ደረሰ። ግን የባዕድ ሴት እጅ አይጨበጥም፣ ያውም በረመዳን። ወንድ ካለ እንዲጠራላቸው ለመኑ። ከረባት ያሰረ ኃላፊ ከላይ ወርዶ መጣ። አያ ዘይኑ እጁን ይዘው ጋቢያቸው ስር አስገቡና ዋጋቸውን በጣት ጫን ጫን አደረጉለት። ሰውየው ትህትናቸው ነክቶት ሁለተኛ እጁን ጨምሮ ጨበጣቸውና "እንኳን ደህና መጡ አባቴ" አለ። አያ ዘይኑ እንደገና ጫን አደረጉ። ሰውየውም እንደገና ጨበጣቸው። እንዲህ ያለ ጥብቅ ነጋዴ በዘመናቸው አልገጠማቸውም።

"አባቴ፣ እኛ ጋ ዋጋ አይቀነስም" አለ ኃላፊው እጁን ሲያስለቅቅ። "በዚህ ዋጋ የቀረችን ይቺ አንዷ ናት። የሚቀጥለው ጭነት ሲገባ ይጨምራል። ይቺንም ሌላ ገዢ ጠይቆናል።"

አያ ዘይኑ ወደ ዩሱፍ ዞረው ጠቀስ አደረጉት። ሌላ ገዢ አለ የማይል በሬ ሻጭ ሰንበቴ ላይ አልተወለደም። ነገሩ እያለቀ መሆኑ ነው።

"በል እንሂድ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ዩሱፍ እጁ ገና መሪዋ ላይ ነበር። ገንዘቡ ሆዱ ላይ ሞቆታል። 'እከፍላለሁ' የምትል አንዲት ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። ግን አፉን ሰጥቷል። የመኪናዋን በር ቀስ ብሎ ዘጋና ተከተላቸው።

በዝግታ ሄዱ። መጀመሪያ እስከ አዳራሹ በር። ከዚያ እስከ ግቢው በር፤ እዚያ ግንቡን ተጠግተው ቆሙ። የነሐሴ ዝናብ ይወርዳል። አያ ዘይኑ ጀርባቸውን ለአዳራሹ እንደሰጡ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለው ይጠብቃሉ። ጥቂት ቆይቶ ዘበኛው ጃንጥላ ዘርግቶ ወደ እነሱ ሲመጣ ታየ። አያ ዘይኑ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"አየህ? በመጀመሪያው አትዙር" አሉ በሹክሹክታ።

ዘበኛው ደረሰ። "አባባ፣ በሩ ላይ መቆም አይቻልም፤ መኪና ይገባል" አላቸው።

መንገዱን ተሻግረው ከአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ስር ቆሙ። ዝናቡ ከቆርቆሮው እየተንጠባጠበ የአያ ዘይኑን ትከሻ አራሰው። የአስር ሰላት ደረሰ፣ እዚያው ተራ በተራ ሰገዱ። በመጨረሻ የአዳራሹ መብራት ጠፋ።

"አያ ዘይኑ፣ ሳይዘጉ ገብተን ብንከፍልስ?" አለ ዩሱፍ።

"አሁን ብንገባ ቆዳችንን ይገፍፉናል። ነገ ጠዋት ያ ሰውዬ ራሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቀናል፣ ኢንሻአላህ።"

በማግስቱ ደጅ ላይ ማንም አልነበረም። አዳራሹም መሃል ላይ ባዶ ነው፤ ሚኒባሷ የቆመችበት ቦታ ላይ አንዲት ቁራጭ ላስቲክ ወድቃለች። ሳሚያ ስታያቸው ደነገጠች።

"ውይ አባባ፣ ተሸጠች እኮ። እናንተ እንደወጣችሁ አንድ ሰውዬ መጥቶ ከፈለ።"

"ብዙ ተከራከረሽ?"

"አልተከራከረም።"

"ሰላምስ አለሽ?"

ልጅቷ አሰብ አደረገች። "ቸኩሎ ነበር መሰለኝ።"

"እኛ እኮ ደጅ ነበርን የኔ ልጅ። ለምን አልጠራሽንም?"

"የሄዳችሁ መሰለኝ አባባ" አለች ሳሚያ። ከልቧ ነበር።

አውቶቡሱ ጣርማበርን አልፎ ቁልቁለቱን እስኪጀምር አያ ዘይኑ የተናገሩት ይሄንኑ ብቻ ነበር፤ "የሄድን መሰላት።" ደብረ ሲና ላይ አንዲት ልጅ የአውቶቡሱን መስኮት አንኳኩታ ቆሎ አሳየቻቸው። ለማፍጠሪያ እንዲሆን ብለው መስኮቱን ከፈቱ። ልጅቷ ዋጋውን ጠራች። አያ ዘይኑ ከኪሳቸው አውጥተው የጠራችውን ከፈሏትና መስኮቱን ዘጉ። ልጅቷ የሰራችው ስህተት ያለ ይመስል ቆማ አየቻቸው። ዩሱፍም እንደዚያው አያቸው። የሆነ ነገር ውስጣቸው እንደተሰበረ ያወቀው ያኔ ነው።

"ልጄ" አሉት ቆሎውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው። "አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።"

አፉ ብያለሁ ማለት ምን ይከብድ ነበር? ዩሱፍ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ። እስከ ከሚሴ አልተኛም፣ አልተናገረምም። ካጣት ሚኒባስ ይልቅ ዛሬም የሚቆጨው ያ ዝምታው ነው።

ኢድ ሳይደርስ ብር ከዶላር አንፃር ረከሰ ሲባል በራዲዮ ተሰማ። የመኪና ዋጋ ተነስቶ ዳገት ወጣ። የዩሱፍና የዘሊካ ገንዘብ እዚያው የነበረበት ሜዳ ላይ ቀረ። ከኢድ በኋላ ባለንብረቱ እንዳለው ሚኒባሱን ሸጠ። ዩሱፍ የታመመና ሐዘን የሄደ ሾፌር እየተካ መንዳት ጀመረ፤ በደሴ መንገድ ላይ ነጭ ሚኒባስ ሲያልፈው ሁልጊዜ ዞሮ ያያል፣ ላስቲኳን አውልቀውላት እንደሁ።

አያ ዘይኑ ደግሞ መከራከር አቆሙ። መጀመሪያ የታመሙ መሰለ። የተጠራላቸውን ይከፍላሉ፣ ዕቃውን ይይዛሉ፣ ይሄዳሉ። ገበያው ከሩቅ ሲያያቸው ዋጋ ከፍ ማድረጉን ግን አልተወም ነበርና የከተማው ነጋዴ ሁሉ ሳያስበው ያጭበረብራቸው ጀመር። አንድ ጠዋት ፋጡሜ ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ እየሮጠች መናኸሪያው ደረሰች። ዩሱፍን ስታገኘው ብር የያዘ እጇን ዘረጋችለት።

"እንካ፣ ይሄን ስጥልኝ ለሳቸው። እኔ እንዲቀንሱት ብዬ የጠራሁትን ዝም ብለው ከፍለውኝ ሄዱ። ሐራም ያስበሉኛል እንዴ?"

"ራስሽ ስጪያቸዋ።"

"እምቢ አሉ። 'ከጠራሽው ዋጋው ነው' አሉኝ። እሳቸው ናቸው እንዲህ የሚሉት? ስማኝ ዩሱፍ፣ ለሽንኩርቱ አይደለም የመጣሁት። ቡሬን ሰንበቴ ወስደውታል። 'የመጀመሪያው ሰው በጠራው ዋጋ እሰጠዋለሁ፤ ገንዘቡን ለዩሱፍ መኪና ጨምሩበት' ብለው ነው ለቤተሰቡ ተናግረው የወጡት።"

ቡሬ የአያ ዘይኑ በሬ ነው። በጨፋ ሸለቆ ከቦርከና ዳር ሳር እየለቀሙ በእጃቸው ያሳደጉት፣ ብዙ ሰው ለምኖ ያጣው። ዘሊካ ነገሩን ስትሰማ ጋቢ አውጥታ ባሏ ትከሻ ላይ ጣለችበት።

"እሳቸው ባይከራከሩ ይሄኔ ማን እንዳገባኝ አላውቅም" አለችው። "አፉ ያላልካቸው አንተ ነህ። ሂድ።"

ዓረፋ ቀርቦ ስለነበር ሰንበቴ በከብትና በሰው ተጨናንቋል። አያ ዘይኑ የቡሬን ገመድ ይዘው ቆመዋል። አንድ የሩቅ አገር ነጋዴ ዋጋ ጠርቶላቸው፣ እሳቸውም እሺ ብለው ራሳቸውን ለመነቅነቅ አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ነበር። ዩሱፍ መሃላቸው ገባ።

"አሰላሙ ዐለይኩም። አያ ዘይኑ፣ አካም ቡልቴ? ቤቱ ነጋ? ከብቱ ነጋ?"

"ወዐለይኩሙ ሰላም። ምን ልታደርግ መጣህ?"

"በሬ ልገዛ። ይሄ ስንት ነው?"

"ተወኝ ልጄ። አትቀልድብኝ።"

"ገበያ ያወጣ ሰው ዋጋ ይጠራል። ስንት ነው?"

አያ ዘይኑ መሬት መሬት እያዩ ጠሩለት።

"ይሄ ስሙ ነው" አለ ዩሱፍ። "አሁን ዋጋውን ይንገሩኝ።"

በዙሪያው የነበሩት ከብት ነጋዴዎች ዞሩ። ዩሱፍ የቡሬን ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን አየ። ራሱን ነቀነቀ። ጅራቱን ሳብ አድርጎ ለቀቀው።

"አያ ዘይኑ፣ ይሄ በሬ አርጅቷል። ጅራቱም አጥሯል። እርስዎን ስለማከብር ነው እንጂ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ገበያ አያወጣም።"

"ማነው ጅራቱ አጭር?" አሉ አያ ዘይኑ። ከአዲስ አበባ ከተመለሱ ወዲህ ድምፃቸው እንዲህ ወፈር ሲል የሰማ የለም።

ዩሱፍ እጁን በዘሊካ ጋቢ ስር ዘረጋላቸው። ሽማግሌው ትንሽ አመነቱና እጃቸውን አስገቡ። ዩሱፍ ጫን አደረገላቸው፤ የአንዲት ፍየል ዋጋ፣ ያውም የከሳች። የአያ ዘይኑ አፍንጫ ተነፋ። ጣታቸው ግን አልለቀቀውም፤ መልሶ ጫን አደረገው፣ አጥንቱ እስኪሰማው።

"ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ነበር" አለ ዩሱፍ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አያ ዘይኑ ጥርሳቸውን ነክሰው።

"አልተስማማንም። ደህና ይዋሉ።"

ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ፣ እንዳስተማሩት፣ የእውነት ሂያጅ ሳይመስል። ግራሩ ጋ ደረሰ። ከኋላው የከብት ድምፅ ብቻ ነው። ጨው ሻጮቹ ጋ ደረሰ። የሩቅ አገሩ ነጋዴ አሁንም እዚያ እንደቆመ ያውቃል፤ አንዴ እሺ ብሎ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው የቀረው። ያቺ የአዲስ አበባ ዝናብ ትዝ አለችው፣ ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ትከሻቸው እየራሰ። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ አንዲት ቃል ቢጣራ ምን ነበረበት። 'ያ ረቢ' አለ በልቡ፣ 'መኪናዋ ሪዝቄ፣ የተጻፈችልኝ እንጀራ አልነበረችም፤ እሷን አልጠይቅህም።'

አስፋልቱ ጋ ደረሰ። ከዚህ ወዲያ መሄጃ የለም።

"ኮቱ!"

ድምፁ ጨው ሻጮቹን አልፎ፣ ሰውና ከብቱን አልፎ መጣ። ዩሱፍ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። አልዞረም። በመጀመሪያው ጥሪ የዞረ ገዢ ውድ ይገዛል ብለው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ ቆሞ ሁለተኛውን ጠበቀ።